በቁሜ የተለቀሰልኝ ለቅሶ

ባሕር ዳር፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አዲስ አበባስ ተስማማህ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ዘጌ ላይ ሞቼ ተለቅሶልኛል። የምትስቅ ከሆነ እዚህ ላይ ሳቅህን ጨርስ፤ ወደታች የሚያስቅ የለውም።

ጉዱ ያው ፊልምህ ነው። እኔ ጎንደር በከረምሁበት ሰሞን ያላለቀውን ፊልም በቀበሌው አዳራሽ አሳይተህ፣ የቀረውን ልጨርስ ብለህ ሳትሰናበተኝ ሄድህ። ካድሬው ሳይቀር አጨበጨበ አሉ፤ ኮከቡ ላይ ባላባት የለም ብለህ አሳምነኸዋልና። ታሪኩን እኔም እወደው ነበር፣ አልዋሽህም። ሰውዬው የሞትን መድኃኒት ፍለጋ ወደ ኮከብ ይሄዳል፤ የሚወዳት ልጅ ጣና ዳር ትጠብቀዋለች፤ ሲመለስ ሞታ ያገኛታል። ታንኳዋን ቆርቆሮ አልብሰህ መንኮራኩር ስታደርጋት ከልቤ ስቄአለሁ። ግን ልጅቷን ሆኜ ስሞትልህ ነጠላ ጣል አድርገህ ብታስተኛኝ ምን ነበረበት? እውነተኛ መግነዝ አስገነዝኸኝ፣ የእግሬን አውራ ጣቶች ሳይቀር አሳሰርህ። እንዲታመን ነው አልህ። ይኸው ታመነልህ!

የዘጌዋ ጎረቤታችን እትዬ ባንቺአየሁ ባሕር ዳር ቡናዋን ሸጣ ስትመለስ ሰው ሲጋፋ አይታ አዳራሹ ገባች። በዕድሜዋ ፊልም አይታ አታውቅም። እኔን ተገንዤ አየችኝ። ስትወጣ ወዴት እንዳለሁ ብትጠይቅ፣ ከከተማው ከጠፋች ሰንብታለች አሏት። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልግ? በማግስቱ መርዶዬን ይዛ በጀልባ ተሻገረች።

እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ ማቅ ለበሰች። ቄሶቹ ፍትሐት ፈቱልኝ። እኔ ምኑንም ሳላውቅ ስኳር ይዤላት ከጀልባ ስወርድ ለቀስተኞቹ ወደ ቡናው ጫካ ተበተኑ። እሷ ግን አልሸሸችም። በስመ አብ ብላ ጠበል ረጨችብኝ፤ ጎንበስ ብላ እግሬን ዳበሰች፤ ጣቶቼ አለመታሰራቸውን ስታውቅ እዚያው ተዘረጋች። ስትነሳ፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ አይለቀስም፣ እግዜር ዕዳዬን አስቀድሞ ተቀብሎኛል፣ ከእንግዲህ ቀባሪዬ አንቺ ነሽ አለችኝ። እያለቀሰች ትስቃለች። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ታሪክ አዋቂው! የጎንደሩ ሐኪም ያለኝን በምን አፌ ልንገራት?

ንድድ ብሎኛል። ሳሉ ሲነሳብኝ ደግሞ ይብስብኛል። ሰውን ከጊዜው በፊት የምትገድል አንተ ማን ነህ? ያ ሰውዬህስ ምን ሆኖ ነው የሚዘገየው? መድኃኒቱ በእጁ፣ መንገዱ ክፍት፤ ትንሽ ቢፈጥን ምን ይጎድልበታል? ያን ጊዜም ጠይቄህ ነበር። እሷ ካልሞተች ፍቅራቸው አያሳዝንም አልኸኝ። ሞት ደጁን ያልረገጠበት ሰው ወሬ ነው ይኼ!

ይቅርታህን አልፈልግም። የምፈልገው መግነዙን ቆርጠህ እንድትጥለው ነው። ቀዘፋ ሳስተምርህ ውኃ ውስጥ ወድቀህ፣ እኔ ሆዴን ይዤ የሳቅሁብህ አለ፤ ካሜራው አለመቆሙን ያወቅነው በኋላ ነው። መጨረሻው እሱ ይሁን። ሰውዬው በጊዜ ይድረስላት። ከዚያ ጄኔሬተር ለምነህ ዘጌ አሻግረው፣ እናቴ ደጅ አንሶላ ሰቅለህ አሳያት። እኔ ያኔ አብሬያችሁ ላልቀመጥ እችላለሁ። አንተ ከጎኗ አትጥፋ። እትዬ ባንቺአየሁንም ጥራት፤ ያየችውን የምታምን ሴት ናት።

የጣና ገዳማት ጸሎት አይለይህ። ጤና ይስጥህ። ዕድሜውን፣ ለእኔ ያሰበው ካለ፣ ለእናቴ ይጨምርላት።

ብቻ ፍጠን።

በቁሟ የተለቀሰላት
ወዳጅህ