የሰባትና የስምንት ቁጥር ሥጋ ቤቶች ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ዝናው
የንግድ ሰሌዳዎች ወጥነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐይቅ

ክቡርነትዎ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ዓይንዎ ከርቀት እንዲያነብ፣ ማዕድዎም ከማን ቤት እንደመጣ ሁልጊዜ የታወቀ እንዲሆን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ኡበይድ እንድሪስ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው በታች በአስፋልቱ ዳር ያለችው፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ክፍት የነበረችው ባለ አንድ ክፍል የዲዛይን ቤት ባለቤት ነኝ። ቤቷን ባለፈው ማክሰኞ በኮሚቴዎ ማኅተም አሽገውልኛል። እስከ መጪው ዓርብ ድረስም ባለ ሦስት ነጥቡን የግዴታ ቅጽ ፈርሜ ካልመለስኩ ፈቃዴ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ አስታውቀውኛል። በአርባ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ረጅም ዕረፍት የሰጠኝ ባለሥልጣን ስላልነበረ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ዕረፍቱንም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተጠቅሜበታለሁ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ በሰላም ገብተው በሰላም ስላልወጡ፣ አራተኛውን ሕዝብ እያነበበው እንዲደርስዎ መርጫለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ያሸጉት ምን እንደሆነ ላስረዳዎ።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች እዚህ ቆመው ጎማ ሲያቀዘቅዙ በራቸው ላይ የተጻፈውን ፊደል በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየገለበጥኩ ተማርኩ። ልጄ ሒክማ ግን ደሴ ሄዳ ኮምፒውተሩን በወጉ ተምራ መጥታ፣ እነሆ አብራኝ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ በብሩሽ፣ እሷ በኮምፒውተር እንሠራለን። ከእኔ ትበልጣለች። ይህን ነግሬአት አላውቅም፤ አሁን ከሕዝብ ጋር አብራ ታነበዋለች።

አሠራራችን ቀላል ነው። ለአንድ ሱቅ ሰሌዳ ከመሥራታችን በፊት ከሁለት አንዳችን እዚያ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን እንቀመጣለን፤ ማን እንደሚገባ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ በር ላይ ደርሶ ለምን እንደሚያመነታ እናያለን። ከኢንተርኔት የወረደ ምስል በቤታችን ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ሒክማ ለአንድ ዓሣ ቤት ከየት አገር ባሕር እንደሆነ የማይታወቅ ዓሣ አውርዳ ብታሳየኝ መለስኳት፤ ተቆጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች፣ ቆረሶ የሚባለውን የሐይቃችንን ዓሣ ገዝታ መጣች፣ አስቀምጣ ሣለችው፣ ከዚያ ጠብሰን በላነው። በመጨረሻም የተሠራውን ሰሌዳ አስፋልቱን አሻግረን፣ ሽንኩርት ከምትሸጠውና ፊደል ካልቆጠረችው ከዑምኩልሱም ፊት እናቆመዋለን። ምን እንደሚሸጥበት ከነገረችን ሥራው አልቋል። ከተሳሳተች እንፍቃለን። አንድ ጊዜ የፀጉር ቤት ሰሌዳ አሳይቻት “ይኸ የበግ መሸለቻ ነው” ብላኝ አራት ቀን የደከምኩበትን ሥራ በአራት ደቂቃ ፍቄዋለሁ። የእኔ ኮሚቴ እሷ ናት፤ አበል አትጠይቅም፣ ስብሰባም አትጠራም።

እንግዲህ ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። በመስከረም ወር ባወጡት መመሪያ የከተማው የንግድ ሰሌዳ ሁሉ ሰማያዊ መደብና ነጭ ፊደል እንዲሆን፣ ሥዕል እንዳይኖረው፣ የባለቤት ስም እንዳይጻፍበት፣ የሥራው ዓይነትና ቁጥር ብቻ እንዲሰፍርበት አዘዋል። የቀለም ምርጫዎን አደንቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም መንደሩን ሲሸፍነው ሰሌዳዎችዎ አብረው ስለሚጠፉ፣ ከተማዋ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ምንም ማስታወቂያ የሌለባት ንጹሕ ከተማ ትሆናለች። ደግሞም ሥዕልን የሚጠሉ ሰው እንዳይደሉ አውቃለሁ። በከተማዋ መግቢያ ላይ ባቆሙት “እንኳን ደህና መጡ” በሚለው ሰሌዳ ላይ አንድ የሚያምር ሐይቅ አለ፤ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል። እኔ በአምባሰል ተራራ ላይ በረዶ ሲዘንብ አይቻለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲቀመጥበት ግን አላየሁም። ጎረቤታችን የአርዲቦ ሐይቅ ይሆን ብዬ ከዚያ ለገበያ የመጡ ገበሬዎችን ጠየቅኩ፤ እነሱም አይተው የእኛ አይደለም ብለዋል። ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ሐይቁን በአደራ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ማህዲና ውበቱ የሚባሉ ሁለት ሥጋ ሻጮች በከተማችን አሉ። አንድ ግድግዳና አንድ መጥረጊያ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ሱቁን ይጠብቅለታል፤ ሥጋ ግን አይጋሩም። የማህዲ የሙስሊም ነው፣ የውበቱ የክርስቲያን ነው፤ በእኛ አገር ሰው ጎረቤቱን ይወዳል፣ ሰርጉንና ለቅሶውን አብሮ ይውላል፣ የሚበላውን ሥጋ ግን ለይቶ ይገዛል። ይህን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። መመሪያዎ የማህዲን ጨረቃና የውበቱን መስቀል አውርዶ በምትካቸው “ሥጋ ቤት ቁጥር 07” እና “ሥጋ ቤት ቁጥር 08” የሚሉ ሁለት መንታ ሰሌዳዎች ሰቀለ።

በጥር ወር የከተማችንን ወጥ ሰሌዳዎች አይተው ልምድ ሊቀስሙ እንግዶች መጡ፤ እርስዎም ክብራቸውን የሚመጥን ምሳ አዘዙ። ከመጣ ወር ያልሞላው ዕቃ ገዥዎ የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ፤ ከሁለቱም ቤት እኩል እኩል ሥጋ ገዝቶ በሁለት ጥቁር ፌስታል ይዞ ገባ። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ለተብርሃን በሁለት ድስት ለየብቻ ሠርታ ካበቃች በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችው።

“አንዱ የሰባት ነው፣ አንዱ የስምንት ነው” አላት።

“እኮ ሰባት ማነው?”

“ሰባት ቁጥር ነዋ፣ እትዬ!”

“ቁጥር ያርዳል እንዴ?”

ማህዲና ውበቱ ተጠርተው መጡ፤ ሁለቱም ድስቱን ከፍተው አዩ፤ ሆኖም የተከተፈና በርበሬ የለበሰ ሥጋ ከማን ቤት እንደመጣ አይናገርም። ገዥው ሰባቱን በግራ እጁ ይዞት እንደነበረ ያስታውሳል፤ የትኛው ፌስታል የትኛው ድስት ውስጥ እንደገባ ግን ሁለት እጆች ሊመሰክሩ አልቻሉም። ሰማንያ የሚሆኑ እንግዶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እጃቸውን ታጥበው በተቀመጡበት እንጀራ በድልህ በልተው ተነሡ። ሁሉም ያለ ልዩነት አንድ ዓይነት ምሳ በመብላቱ የኮሚቴዎ ዓላማ በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል። ሁለቱ ድስቶች የደረሷቸው የሰፈር ውሾች ቁጥር አልጠየቁም።

ሦስተኛ። በማግስቱ ማህዲና ውበቱ አብረው ወደ ቤቴ መጡ። ማህዲ እንዲህ አለኝ፦ “ጋሼ፣ የሱ ደንበኞች እኔ በር ላይ መጥተው ያማትባሉ፣ የኔዎቹ እሱ በር ላይ ቢስሚላህ ይላሉ፤ ሁለታችንም ተመርቀን ተመርቀን ሥጋ የሚገዛን ጠፋ።” ውበቱም፦ “እኔስ ስሜ ጠፋብኝ፤ ትናንት አንዱ ‘አቶ ስምንት’ ብሎ ጠራኝ” አለ። ሁለቱም ቤት ግማሽ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። በር ላይ የሚያመነታው ሰው ሰሌዳውን ትቶ አንገቱን እያሰገገ የሻጩን ፊት እንደሚፈልግ አየሁ። ስለዚህ በነጭ መደብ ላይ አረንጓዴ ጨረቃና የማህዲን ፊት ከነጺሙ፣ በቢጫ መደብ ላይ ቀይ መስቀልና የውበቱን ፊት ከነጥርሱ ክፍተት ሣልኩ፤ ፊደሉን ሒክማ አቀናጀችው። ዑምኩልሱም ከማዶ አይታ “ያ ማህዲ፣ ይኸ ውበቱ፤ ጺሙን ግን አበጥረህለታል፣ እሱ እንኳን አበጥሮት አያውቅም” አለች። ሰሌዳዎቹ በተሰቀሉ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴዎ “ያልተፈቀደ ምስል በመሥራትና ሕዝብን በማደናገር” ብሎ ቤቴን አሸገ። ክቡርነትዎ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ተደናገረ ሰው ከሰሙ ስሙን ቢልኩልኝ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እኔ የማውቀው ዕቃ ገዥዎ ባለፈው ሐሙስ ከሰሌዳዎቼ ሥር ቆሞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከሁለቱም ቤት ገዝቶ፣ በየፌስታሉ ላይ ስም አስጽፎ መሄዱን ነው። ለመመሪያው ታማኝ እንዲሆን ቢመክሩት መልካም ነው።

አራተኛ። የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት እንዳመጣም አዘውኛል። ዕድሜዬን ሳይንቁ ተማሪ ስላደረጉኝ ደስ ብሎኛል። አሠልጣኙን አግኝቼዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። በሻይ ሰዓት ወደ ሒክማ መጥቶ “ጸ”ና “ለ” ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚታየውን ክፍተት እንዴት እንደምትዘጋው ጠየቃት፤ አሳየችው፤ ጻፈው። በሚቀጥለው ሥልጠና እሱኑ መልሶ እኔን ሊያስተምረኝ ይመስለኛል።

አምስተኛና ዋናው። የግዴታ ቅጽዎ ሦስት ነገር ይጠይቀኛል፦ ሕዝብ ማደናገሬን እንዳምን፣ የማህዲንና የውበቱን ሰሌዳ በራሴ እጅ ሰማያዊ እንድቀባቸው፣ ከእንግዲህም በዚህ ከተማ ምስል እንዳልሥል። ግትር ሰው መሆኔን አላስተባብልም፤ ሆኖም ረቡዕ ዕለት ብዕር አንሥቼ እንደነበር ይወቁልኝ። የልጄ ኮምፒውተር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ፣ ተጀምሮ የቆመው የደንበኛችን የዙሌይካ የሰርግ ካርድ፣ ሁሉም ከማኅተምዎ ጀርባ ነው። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በር ቢዘጋብኝ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የላትም። ስለ እሷ ስል ልፈርም ቅጹን ጉልበቴ ላይ ባስቀምጥ እሷ ራሷ አየችኝ። “አባዬ፣ ሰማያዊ ለመቀባት ነው ደሴ ድረስ የሄድኩት? ወላሂ ፈርመህ ከከፈትከው እዚያ ቤት እግሬን አላስገባም!” ብላ ብዕሩን ወስዳ ሄደች። ስለዚህ ካልፈረምኩ ቤቴን አጣለሁ፣ ከፈረምኩ ደግሞ ቤቴ ተከፍቶ የምትሠራበትን ልጄን አጣለሁ። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ማዘጋጀት የቻለ ጽሕፈት ቤት እውነትም የተደራጀ ጽሕፈት ቤት ነው።

ክቡርነትዎ፣ ቅጹን አልፈርምም። ነገር ግን እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ እምቢ ብቻ ብሎ ከሄደ ባለጌ ይባላልና አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዓርብ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሰማያዊ ሰሌዳዎችዎን ይዘው ይምጡ። የእኔን አውርደን የእርስዎን እንሰቅላለን፤ እኔ ራሴ መሰላሉን እይዝልዎታለሁ። ከዚያ ለገበያ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ሰው፣ ማንበብ ቢችልም ባይችልም፣ ከመንገዱ ማዶ አቁመን የማህዲ ቤት የትኛው እንደሆነ እርስዎ ይጠይቁታል። ምንም ሳይጠይቅ፣ ወደ ውስጥ ሳያጮልቅ ከለየ፣ ቅጹን በሕዝብ ፊት እፈርማለሁ፣ ሰማያዊውንም በእጄ እቀባለሁ፣ የልጄንም ቁጣ እችላለሁ። ካልለየ ግን ማኅተሙን ከበሬ ላይ በራስዎ ጥፍር ይልጡልኛል፤ ሌላ ካሣ አልጠይቅም። ካልመጡ ደግሞ አለመምጣትዎን እንደ መልስ አነበዋለሁ፤ ሰሌዳዎቹም ባሉበት ይቆያሉ፣ እኔም ደጃፌ ላይ ጣውላ ዘርግቼ የዙሌይካን ካርድ በእጄ እጽፋለሁ። ሁለት መቶ ነው። እጨርሰዋለሁ።

ጠረጴዛዎ እንዲሰፋ፣ መሳቢያዎ እንዲጠብ፣ በሚቀጥለው ግብዣዎ ላይ እንግዶችዎ ጠግበው እንዲነሡ ከልብ የሚመኝልዎ፣ ትእዛዝዎን አክብሮ የተቀበለ፣ አክብሮም ያልፈጸመው፣

ኡበይድ እንድሪስ
በማኅተም ላይ ያለ የዲዛይን ቤት ባለቤት
ሐይቅ

ማስታወሻ፦ በሬ ላይ የለጠፉት የእሸጋ ማስታወቂያ ፊደሉ ከጤፍ ያነሰ በመሆኑ ደንበኞች አላነበብነውም እያሉ ሲያንኳኩ ይውላሉ፤ የኮሚቴው ሥራ እንዲህ ሳይታይ መቅረቱ አሳዘነኝ። ስለዚህ ማኅተሙን ሳልነካ፣ ከጎኑ ባለው ግድግዳዬ ላይ “ይህ ቤት በአቶ ዝናው ትእዛዝ ታሽጓል” ብዬ በክንድ ቁመት ጻፍኩልዎ፤ ስምዎን ከሌላው አስበልጫለሁ። ወደ ውጫሌ የሚሄዱ መንገደኞች ከአውቶቡስ መስኮት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡት ያልፋሉ። ለዚህ ሥራ ምንም አላስከፍልም። በጥቁርና በቀይ መጻፌን ግን ይቅር ይበሉኝ፤ ሰማያዊ ያላደረግሁት እንዲታይ ስለፈለግሁ ነው።