የአልሞ ተኳሾቹ የጨበጣ ውጊያ ነጥብ

ለውድ ወንድሜ፣ ለቤታችን የበኩር ልጅ፤

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር ታማርራለህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ቀጥኖ እንደሆነ ጠይቂልኝ" እያለች ስለሆነ ቀጥነሃል ወይ? እኛ ደህና ነን። የአባባ ሳል ለቆታል፣ እማዬ አዲሱን መነጽሯን ለምዳዋለች፣ እኔም በስፌት ሱቄ ሥራ በዝቶልኝ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ እየሰፋሁ ነው።

ሥራህ ቋሚ መሆኑንና እዚያው ለመኖር መወሰንህን የጻፍክልን ደብዳቤ ደርሶናል። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ ስትጨርስ ለማያውቁህ ሰዎች መንገር ጀምራለች። አባባም "ጎበዝ ልጅ" አለና መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ። ደስ ብሎናል፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ ልውሰድህ። እንዳትደነግጥ፣ ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ስላለው ጦርነት ነው የማወራህ። ትተሃቸው የሄድካቸው አውራ ጣት የሚያህሉ መጫወቻ ወታደሮች ሥራ አልፈቱም። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አባባና ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ይዘረጋሉ፣ ከሥሩ መጽሐፍ ከትተው ኮረብታ ይሠራሉ፣ ከዚያ የድሮ ዘመን ውጊያቸውን ይጀምራሉ። ሰዓት ሠሪው አሁንም አንተ ባወጣህላቸው ስም ጋሽ ደቂቃ ናቸው፤ አሁንም ለደንበኛው ሁሉ "አንድ ደቂቃ" ብለው ሳምንት ያቆዩታል። ርቀት የሚለካው በእኔ ሜትር ነው። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ገብቼ ሜትሬን ሳጣ "ጦር ሜዳ ቀርቷል" እላለሁ፤ ደንበኞቼም ለምደውታል።

ጠቡ የተነሣው በአልሞ ተኳሾቹ ነው። አንተ ካርቶን ላይ በጻፍከው ሕግ አልሞ ተኳሽ ከሩቅ ሲተኩስ አራት ነጥብ አለው፤ ጠላት ደርሶበት እጅ ለእጅ የጨበጣ ውጊያ ከገጠመ ግን አንድ ብቻ። ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ የሚመጣው እግረኛ በጨበጣ ሦስት አለው። ሁለቱም ወገን ዳይስ ይጥላል፣ የወጣለትን ቁጥር ከነጥቡ ጋር ይደምራል፣ ያነሰው ይሸሻል። ጋሽ ደቂቃ ደግሞ የወታደሮቹን ኮት ቁልፍ ሳይቀር በሰዓት ማጉያቸው እያዩ፣ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የቀቡት አልሞ ተኳሾቹን ነው። ያን ያህል የተለፋባቸው ሰዎች አባባ እግረኛውን ባስጠጋ ቁጥር ብድግ ብለው ይሸሻሉ።

ጋሽ ደቂቃ እነዚህ ተመርጠው የተመለመሉ ናቸው ይላሉ። ጠመንጃቸው አጭር ስለሆነ ነው ሳንጃቸው እንደ ጎራዴ የረዘመው፣ ለጌጥ መሰላችሁ ወይ ይላሉ። አባባ ደግሞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ተበታትኖ መተኮስ የለመደ ሰው፣ እንደ ግድግዳ ተያይዞ የሚመጣ ሰልፍ ፊት ምን ያቆመዋል ይላል። ይህንን ክርክር እኔም እማዬም በቃላችን ይዘነዋል።

አንድ እሁድ ቢሰለቸኝ "ለምን አትሞክሩትም?" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው። አባባ፣ እማዬና እኔ እግረኛ ሆነን ትከሻ ለትከሻ ተሰለፍን፤ አባባ መጥረጊያ፣ እኔ መወልወያ፣ እማዬ ጃንጥላ ይዘን። ጋሽ ደቂቃ የመጋረጃ ዘንግ ይዘው ብቻቸውን አልሞ ተኳሽ ሆኑ። ግቢው መሃል ስንገጥማቸው ብዙም አላስቸገሩም፤ እማዬ ጃንጥላዋን ቧ አድርጋ ስትከፍተው ወደ ኋላ አፈግፍገው የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተጠመጠሙ። በሁለተኛው ዙር ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በሩን ታውቀዋለህ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሦስታችንም እንደተሰለፍን በሩ ላይ ተሰንቅረን ቀረን። ጋሽ ደቂቃ የአባባን ሆድ በዘንጉ ነካ አድርገው "ሞተሃል" አሉት፣ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም ሞተሻል" አሉኝ። እማዬ ለመሞት ፈቃደኛ አልሆነችም። ጃንጥላዋን አጥፋ "ሜዳ ላይ አንድ፣ በር ላይ ሦስት" ብላ ፈረደችና ድስቷን ልታማስል ገባች።

ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባባ ራሱ እየሳቀ "እውነቷን ነው" ብሏል። ጋሽ ደቂቃ እስክሪብቶ አውጥተው በካርቶኑ ላይ የበሩን ነጥብ ሊጽፉ ሲሉ ግን አባባ ካርቶኑን ከእጃቸው ነጠቀ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ቁጥሩ አይነካም" አለ። ጋሽ ደቂቃ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ አለመሆኑን ሲያዩ ተኳሾቻቸውን አንድ በአንድ በመሐረብ ጠቅልለው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አባባ እሁድ እሁድ ሁለቱንም ወገን ራሱ ያዝዛል። በዚህ በኩል ተቀምጦ ያጠቃል፣ ዞሮ በዚያ በኩል ተቀምጦ ይበሳጫል። ባለፈው እሁድ ራሱን አሸንፎ ራሱን አኮረፈ። ስንስቅበት አብሮን ይስቃል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀና ይላል። ጋሽ ደቂቃም በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ዓይናቸውን ከማጉያው ሳያነሡ "ቁጥሩ ስንት ሆነ?" ይሉኛል። ያው አንድ ነው ስላቸው ሰዓታቸውን መፍታት ይቀጥላሉ። ሁለቱም ሌላ ጓደኛ የላቸውም፣ ይህንን አንተም ታውቃለህ።

ትናንት አባባን ብቻውን አግኝቼ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አንተው ራስህ እማዬ ትክክል ናት ብለህ የለም ወይ፣ ለአንዲት ቁጥር ብለህ ጓደኛህን ታጣለህ ወይ አልኩት። ወታደሮቹን መደርደሩን ቀጠለ። ከዚያ "ልጁ ራሱ መጥቶ ያስተካክለዋል ብዬ ነበር" አለኝ። "እሱ የጻፈውን እኔ ከሰረዝኩማ፣ አይመለስም ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።" ወንድሜ፣ አንጀቴን በላው። ለካ ካርቶኑን የነጠቀው ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን ነው። እኛ የምንጨቃጨቀው ስለ ሳንጃ መስሎን ነበር።

ቅር እንዲልህ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። በሥራህ ደስ ይበልህ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክህ አዲስ ቁጥር እንዳትልክ። ሁለት ብትልም ሦስት ብትልም፣ እሱንም እንዳይነካ አድርጎ ይጠብቅልሃል እንጂ አይጫወትበትም። ይልቅ እሁድ ከምሳ በኋላ ደውልለት። እኔ የግድግዳው ሰዓት ቆሟል ብዬ ጋሽ ደቂቃን አመጣቸዋለሁ፤ ባይቆምም አቆመዋለሁ። አንተ "አባባ፣ ሕጉ ያንተ ነው፣ እንደፈለግህ ጻፍበት፤ እኔም ስመጣ ባንተ ሕግ እጫወታለሁ" በለው። "ስመጣ" ማለትን እንዳትረሳ። ለእረፍትም ቢሆን መምጣት መምጣት ነው፣ ከአንተ አፍ ይስማው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ካልሲ እየሠራችልህ ነው፣ ልክህን የምትገምተው ግን ተማሪ ሳለህ በነበረው እግርህ ስለሆነ እንዳትስቅባት። ጋሽ ደቂቃ ሰላም በይልኝ ካሉ በኋላ ሳንጃው ረጅም መሆኑን እንዳስታውስህ አደራ ብለውኛል። አባባ ለአንተ እየጻፍኩ መሆኔን አይቶ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ልበልልህ ስለው ጉሮሮውን ጠርጎ "ሰላም በይው" አለ። ሄደና ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ "ሁሉም ነገር እሱ እንደተወው ነው በይው" አለኝ።

አንተን የምትወድ ታናሽ እህትህ
ከቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ኅዳር 9 ቀን