«ደህና ነን» ያልን ዕለት

ሰኞ፣ መስከረም 29

ዝናብ። ልብስ ውጭ ማስጣት የለም። የልጃችን የዳረን ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደገና ሞተ፣ አንሶላዎቹ በእኛ ቤት ወንበርና በር ላይ ተንጠልጥለዋል። ባሌ ክሊፍ ምሳውን የበላው እርጥብ ብርድ ልብስ ተደግፎ ነው። ያ ሰውዬ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ «ሞቅ አለ» ነው የሚለው።

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳረን ጋ ጠዋትና ማታ ለሚመጡት ተንከባካቢዎች ከገና በኋላ ከራሱ ድጎማ በየሳምንቱ ሊቆርጡበት ነው። ሂሳቡን አየሁት… ሐሙስ ሐሙስ ወደ ዋና የሚወስደውን ታክሲ ያህል ነው ማለት ይቻላል። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ልጅዎ በኦቲዝሙ ምክንያት ሌላ ሰው የማያወጣው ወጪ ካለበት ያስረዱ፣ እንቀንስለታለን። ገምጋሚ ትመጣለች።

«ማስረዳት ማለት ምንድነው? ልመና ነው?» አለ ክሊፍ።

«መብቱ ነው።»

«እኛ ሰው ቤት ሄደን እጃችንን ዘርግተን አናውቅም።»

«ማንም ቤት አንሄድም። እነሱ ናቸው የሚመጡት።»

ማታ ዳረን ደወለ። እንደ ወትሮው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ዘጋው። «እናትህን ደህና መሆኗን ጠይቃት» ብላ ያስለመደችው አንዷ ተንከባካቢ ናት። ጠየቀ፣ ተመለሰለት፣ አለቀ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው… ቤቱ ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፣ ስልኩ ግን ከጨረቃ የሚደወል ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 2

የዋና ቀን። ባለታክሲው ኢክባል ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። ሬዲዮኑን ከመታጠፊያው በፊት ያጠፋል፣ ሐሙስ ሐሙስ ሽቶ አይቀባም፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ማንም አልነገረውም፣ ራሱ እያየ ነው የገባው። ሌላ ሹፌር ሲላክ ዳረን በሩን ከፍቶ ያየውና መልሶ ይዘጋዋል።

ገንዳው ባዶ በሆነበት ሰዓት እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። አይዋኝም። ይቆማል። እጁን የማይነክሰው እዚያ ብቻ ነው። ባለፈው የብርድ ወቅት ኢክባል ወገቡን ታሞ ሲተኛ ዳረን ለሳምንታት ከቤት አልወጣም። የእጁ ጀርባ እስካሁን ጠባሳ ነው።

ታክሲው ከቀረ ያው ነው የሚመለሰው። እንግዲህ ምን ልበል? ይህን ነው ማስረዳት ያለብኝ። ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ጊልያን መጣች። የእሷ ልጅም ኦቲዝም አለባት፣ አምና ተገምግማለች። ኮቷን ሳታወልቅ ምክር ጀመረች።

«ቤቱን እንዳታጸጂ።»

«ማን፣ እኔ?»

«አንቺ። ኬክም እንዳትጋግሪ። ገምጋሚዋ ነገሮች እንዴት ናቸው ስትልሽ ደግሞ…»

«አውቃለሁ ጊልያን፣ ልጅ አይደለሁም።»

«ሁላችንም አውቃለሁ እንላለን። እኔ ባለፈው ለሴትየዋ የአትክልት ቦታዬን ሳስጎበኛት ነው ያመሸሁት።»

ከሄደች በኋላ የወጪውን ዝርዝር ለክሊፍ አነበብኩለት። ታክሲ። አኝኮ የሚጨርሳቸው ግራጫ ሸሚዞች፣ ሌላ ቀለም አይለብስም። የጆሮ ማፈኛው። በየጊዜው የሚያቃጥላቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች። ብርሃን እንዳይገባ በመስኮቱ ላይ የሚለጥፈው ብርማ የአሉሚኒየም ወረቀት። ከአንድ ኩባንያ በቀር የሌላ የማይበላው የዓሣ ጥብስ።

«የዓሣ ጥብሱን ተይው። ያሳፍራል» አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ገምጋሚዋ ነገ ትመጣለች።

ዳረን ቤት ወለሉን ብቻ ነበር ላጸዳ የሄድኩት። ወለል እንኳ ቆሽሾ ሰው ይገባል እንዴ? ከዚያ የታኘኩት ሸሚዞች ወንበሩ ላይ ተከምረው አየሁ፣ ሰብስቤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ክሊፍ ዳረን በጭንቅላቱ ያሰረጎደውን ግድግዳ ለስኖ ቀባው፣ ቀለሙ ከየት እንደመጣ እንጃ። ብርማ ወረቀቱንም ከሳሎኑ መስኮት አነሳው። «ዕብድ ቤት ያስመስለዋል» አለ። ዳረን መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከውስጥ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

የሎሚ ኬክ ጋገርኩ። ትንሽ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

እግዜር ያሳያችሁ። ለማን ነው የምለው? ለራሴ።

ታምሲን ትባላለች፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ። ትሑት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ዙሪያውን አየች። የሚያብረቀርቅ ወለል። ነጭ ግድግዳ። ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል፣ ወሩን ሙሉ ያልወጣች ፀሐይ ዛሬ ወጣች።

«ነገሮች እንዴት ናቸው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ክሊፍ ቀደመኝ።

«አንማረርም፣ ልጄ። ከእኛ የባሰ ስንት አለ።»

«ዳረን ወደ ዋናው ሲሄድ በታክሲ ነው፤ አውቶቡስ አይሆንለትም?»

«ካስፈለገ እኔ አደርሰዋለሁ። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ።»

ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ካደረጉለት ወዲህ መሪ አልጨበጠም። በጠረጴዛው ስር ረገጥኩት፣ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ ሞሪን?» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ሳጠና የሰነበትኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምን አልኩ?

«እንደምንም እንወጣዋለን።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ። ከዚያ ኬክ ጨመርኩላት። «በጣም ጣፋጭ ነው» አለች፣ ሁለተኛውንም በላች። ዳረን ከመታጠቢያ ቤት አልወጣም። «ዓይን አፋር ነው» አልናት።

ማታ ደወለ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ዘጋው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ውሳኔው መጣ። የልብስ ማጠቢያው ወጪ ተቀባይነት አግኝቷል። ሌላው የለም። «ቤተሰቡ የጎላ ችግር እንደሌለበት ገልጿል። መጓጓዣውን አባት ሊሸፍኑ እንደሚችሉ ተናግረዋል።»

ክሊፍ ላይ እስኪበቃኝ ጮኽኩበት። አንተና ያ ምላስህ፣ አንተና ያ ኩራትህ፣ ከማን የተሻልክ ለመምሰል ነው… ቆሞ ሰማኝ። ቀስ ብሎ፣ «አንቺስ ኬኩን ለማን ጋገርሽው?» አለ።

ልክ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ማዘጋጃ ቤት ስደውል ዋልኩ። ያን የሚያስጠላ ሙዚቃ ያሰሙኛል፣ «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» ይላሉ፣ መልሰው ሙዚቃ። ቀኑ ሊመሽ ሲል ታምሲን ራሷ አገኘችኝ። እንደገና ይታይልን አልኳት።

«ይቻላል» አለች። «ግን ሞሪን፣ እኔ የምጽፈው የምትነግሩኝን ነው። ደህና ነን ካላችሁኝ ምን ልጻፍ?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ? ልጅቷ እውነቷን ነው። በትክክል የጻፈችው እኛ ያልነውን ነው። እዚህ አገር ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ እንኳ ሐኪሙን «አንተስ ደህና ነህ?» ነው የሚለው። እንዲህ ነው ያደግነው። ይህን የሚያውቅ ቅጽ ማንም አላዘጋጀም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ክሊፍ ለማንም ሳይነግር ዳረንን በአውቶቡስ ሊወስደው ተነሳ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አደርሰዋለሁ ብያለሁ» ብሎ። ለኢክባል ደውሎ አስቀረው። ከቀድሞ ጓደኞቹ አንዱ በሚነዳው መስመር፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት… አስቦበታል እኮ።

የነገረኝ ሁለቱም ቤት ከገቡ በኋላ ነው፣ ያውም ቁርጥራጩን። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ያን ፉጨቱን አሰምቶ ተከፈተ። ዳረን አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ክሊፍ እጁን በመሀል አስገባ። ሰው ቆሞ ያያል። አንድ ልጅ በስልኩ ይቀርጻል። ጓደኛው ሹፌሩ «ክሊፍ፣ ምን ላድርግልህ?» ይለዋል። ክሊፍ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? «ደህና ነን፣ አንተ ሂድ።»

የእጁ አንጓዎች ተልጠዋል። ውሃ በሳፋ አቀረብኩለት፣ እጁን ነከረ። ደሙ ውሃውን ሮዝ አደረገው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

ዳረን ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን አልከፈተም። ለኢክባልም ጭምር፤ እኛና ተንከባካቢዎቹ በቁልፋችን ነው የምንገባው። ስልኩ ግን ይመጣል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።»

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ታምሲን ድጋሚ መጣች።

አላጸዳሁም። ምን ያህል እንደከበደኝ ማንም አይገምተውም። ጠዋት መጥረጊያው ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ብርማ ወረቀቱ በየመስኮቱ ተለጥፏል፣ ሳሎኑ በቀን ጨለማ ነው። የታኘኩት ሸሚዞች ወንበሩ ላይ። ክሊፍ የቀባው ግድግዳ እንደገና ሰርጉዷል፣ ከበፊቱ ይበልጣል። ለሻይ የሱቅ ብስኩት ከነላስቲኩ አቀረብኩላት። አፈርኩ።

«ነገሮች እንዴት ናቸው?» አለች። ያው ጥያቄ።

ክሊፍን አየሁት። ክሊፍ ወለሉን ያያል። ልናገር ስል እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

«ከባድ ነው» አለ።

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እናቱ ስትሞት እንኳ አላለውም።

«ከባድ ነው፣ ልጄ» አለ እንደገና፣ መጀመሪያ ያለው ያልተሰማ ይመስል። አውቶቡሱን ነገራት። እጁን አሳያት። «አርባ ዓመት ያንን በር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። በዚያ እንጀራ ነው ልጄን ያሳደግኩት። እሱ ደግሞ ድምፁን ሲሰማ ሞቱን ይመኛል። መኪና አልነዳም፣ ዓይኔ አይሆንም። ባለፈው የነገርኩሽ ውሸት ነው። ሐሙስ ካልወጣ አይወጣም። እኛ ስንሞት ደግሞ… እኔ እንጃ።»

ታምሲን መጻፉን አቆመች።

ያን ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ዳረን ነው፣ የጆሮ ማፈኛውን አድርጎ፣ የእጅጌውን ጫፍ እያኘከ። ልጅቷን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

«ባለፈው ደህና ነን ብለው ነበር። ደህና አልነበሩም። ወረቀቴን አንስተውት ነበር።»

«አዎ» አለ ክሊፍ። «አንስቼው ነበር።»

«አታንሳው።»

«አላነሳውም።»

ተመልሶ ገባ። እኔ የሱቁን ብስኩት ላስቲክ ቀደድኩ። የተማርኩት ሁሉ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ሸሚዙን፣ ማሽኑን፣ የጆሮ ማፈኛውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የዓሣ ጥብሱንም። ክሊፍ ራሱ ነው «የዓሣ ጥብሱን ንገሪያት» ያለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

መጣ። ታክሲው ተፈቅዷል። ሸሚዞቹም። ለጆሮ ማፈኛው የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ ጆሮውን ሊቆርጥለት ነው እንዴ ሐኪሙ? የዓሣ ጥብሱን አልተቀበሉትም። «ምግብ ሁሉም ሰው የሚመገበው በመሆኑ።» አምስት ቀን ሌላ ዓሣ አቅርበውለት ይዩት እስቲ፣ ሁሉም ሰው። ከዓመት በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ ይገመገማል። ኦቲዝሙ እስከዚያ ይለቀው እንደሆን ለማየት መሰለኝ።

ጊልያን ጋ ደወልኩ። «ታክሲውን ካገኘሽ አሸንፈሻል፣ ለዓሣው ይግባኝ በይ» አለችኝ። እላለሁ። ለምን አልልም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዳረን ትናንት ለኢክባል በሩን ከፈተለት። ኢክባል እሑድ ቀን፣ ሥራ በሌለው ሰዓት፣ ራሱ መጥቶ ነው የቆመው። ምንም አላወሩም። ሐሙስ እንደሚሄዱ ተስማምተዋል፣ እንዴት እንደተስማሙ እነሱ ያውቃሉ።

እኔ ዛሬ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሁሉም ተስተካክሎ ሳለ ሰውነቴ ተልፈሰፈሰ። ወገቤ ተነስቶብኛል።

ማታ ስልኩ ጮኸ።

«ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ ልል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አይደለሁም» አልኩት። «ወገቤን አሞኛል። ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደክሞኛል፣ ዳረን።»

ዘጋው ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል ትንፋሹ ይሰማኛል። ክሊፍ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው።

«ወገብሽ የት ጋ ነው?» አለ።

«ታች።»

«ኢክባልንም ታች ነው ያመመው።» እጅጌውን ሲያኝክ ይሰማኛል። «ሐሙስ ነይ። ውሃው ደግፎ ይይዝሻል።»

ዘጋው።

«ምን አለ?» አለ ክሊፍ።

«የዋና ልብሴ የት ነው ያለው?» አልኩት።