ከአዴ ጫልቱ ነጠላ ጋር የታሰርኩበት ሳምንት

ረቡዕ

ወተትም ይቀረጣል ተባለ። እንጨት አለ፣ ቅቤ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ዶሮ አለ፤ አሁን ደግሞ ወተት። የኬላችን ሹም ግራዝማች ጠዋት ከበቅሏቸው ሳይወርዱ «ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ቅል አምስት ሳንቲም ትቀበላለህ» አሉኝ። ትዕዛዙ በወረቀት ይሰጠኝ ብዬ ለመንኳቸው። «የኔ ቃል አይበቃህም?» ብለው ሄዱ። ምን እላለሁ? ሹም ናቸው።

ጊዜ መርጠዋል፣ ይሄ አይካድም። ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የሱሉልታ ሴት ሁሉ ወተቷን ተሸክማ በእኔ ኬላ አልፋ፣ እንጦጦን ወጥታ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ቀኑን ሙሉ ስረገም ዋልኩ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ሁለቱንም መስማቴ ነው ጉዴ።

ከሥራ በኋላ የማታ ትምህርት። የታሪክ መምህራችን ሚስተር ቶማስ ህንዳዊ ናቸው። ልጅ ሳሉ እንግሊዞች በጨው ላይ ግብር ጥለው፣ ሕዝቡ ባሕር ዳር ወርዶ ጨው በገዛ እጁ ሲያፈላ፣ አባታቸው በዱላ መመታታቸውን ነገሩን። ለሰኞ ድርሰት አዘዙ፦ በቅኝ ግዛት የግብር ክርክር እንዴት አመፅ ይሆናል? እጄን አውጥቼ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» አልኳቸው። «ታዲያ ይቀልሃላ!» አሉኝ።

ሐሙስ

ወይ ጣጣ! አዴ ጫልቱ አልከፍልም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? ሁለት ዓመት ሙሉ የጠዋት ወተቴን የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ቅላቸውን በመያዣነት ያዝኩ። እሳቸውም ሳይቆጡ የነጠላቸውን ጫፍ በኮቴ የቁልፍ ቀዳዳ አሾልከው ቋጠሩና «በጃንሆይ አምላክ! እስከ ዳኛ ፊት!» አሉ።

ቁራኛ! ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱበት ነገር ከአያቶቻችን ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ዘበኛችን አንገቱን ደፋ። በጃንሆይ አምላክ የተቋጠረውን ማን ደፍሮ ይፈታል?

እስከ ሱሉልታ ድረስ እንደ ሙሽሮች አብረን ሄድን። ዳኛው የሉም። ለተዝካር ጫንጮ ወርደዋል፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። አዴ ጫልቱ «እንግዲያ ለሌሊቱ ዋስ ጥራና ልፍታህ» አሉኝ። ጠራሁ። ባለሱቁ እንዳልሰማ ሆኖ ዕቃውን ይደረድራል። የቤት አከራዬ «እኔ በዳኛ ነገር አልገባም» አሉ። ሁለት ዓመት ኖሬበት አንድ ሰው እንኳ ዋስ የማይሆነኝ አገር! ይሄ ከነጠላው ይበልጥ አሳፈረኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከሰው መሀል ወጥተው «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። ኦቦ ቶለሳ፣ የአዴ ጫልቱ ባል!

«የሚስትዎ ባላጋራ እኮ ነኝ» ብላቸው፣ «እሱ የእሷና የአንተ ነገር ነው። ሰው ዋስ አጥቶ አያድርም» አሉኝ።

ዓርብ

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አዴ ጫልቱ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝና ቋጠሩኝ። ተቋጥሬ ሥራ ገባሁ።

ኬላው ላይ ሴቶቹ ቅላቸውን ታቅፈው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። እለፉ ስላቸው «ቀራጩ ታስሮ ለማን ከፍለን እንለፍ?» ይሉኛል። ጩኸት የለ፣ ጠብ የለ። ወተቱ ፀሐይ ላይ ይረጋል። ከአዲስ አበባ የመኳንንት አሽከሮች በመኪና እየመጡ «ወተት የታለ?» ብለው እኔ ላይ ይጮኻሉ። እኔ ምን ላድርግ? ወደ ጫካ ዘወር ለማለት እንኳ ሴትዮዋን የማስፈቅድ ሰው!

ቀትር ላይ ግራዝማች ዘበኞች ይዘው መጡ። አንዱ ዱላ ሲያነሳ ሴቶቹ ከተቀመጡበት እርጥብ ሣር ነጭተው ወደ ላይ ያዙ። እዚህ አገር እርጥብ ሣር የያዘ አይመታም። ዱላው ወረደ። እኔ ግን የሚስተር ቶማስ አባት ትዝ አሉኝ።

ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ነገ ዳኛ ፊት አመፁ ትላለህ። ሴትዮዋ ስትታሰር ሌሎቹ ይበተናሉ። አለዚያ ሌላ እንጀራ ፈልግ» አሉኝ። ምን ነካቸው? ሴትዮዋ እኮ ከኮቴ ጋር ተቋጥረዋል! ሁሉን ሰሙ። እምቢ እንዳልል ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ የምትኖረው በዚህ ደመወዝ ነው። ተናደድኩ፤ በግራዝማች፣ በአዴ ጫልቱ፣ በላሞቹም ጭምር።

ቅዳሜ

ዳኛው ፊት ስንቀርብ ግራዝማች ገና ሳይጠየቁ «አመፅ ነው!» አሉ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «አንተስ? አመፁ?» አሉ። ሰሞኑን ያንን ድርሰት በልቤ ስጽፍና ስሰርዝ ነበር የሰነበትኩት። አዴ ጫልቱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«የለም ጌታዬ። ዳኛ ነው የጠየቁት» አልኩ። «አመፅማ የሚመጣው ዳኛ ሲታጣ ነው።»

የወተቱን ትዕዛዝ በወረቀት አይተሃል ወይ ሲሉኝም፣ አላየሁም አልኩ። ዳኛው፣ ነገሩ እስኪጣራ ወተት በነፃ ይለፍ ብለው ለሰኔ ቀጠሩን። አዴ ጫልቱ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት፤ ጠብቆ ኖሯል። ግራዝማች ዞር ብለው ሳያዩኝ በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ሰኞ

ኬላው ላይ ሌላ ቀራጭ ቆሟል። እኔ ቤትህ ቁጭ በል ተብያለሁ። ድርሰቱን ጨረስኩ። ሚስተር ቶማስ ይወዱት እንደሆነ እንጃ፤ ስለ ወተት ነው የጻፍኩት።

ሻንጣዬን ሳስር ኦቦ ቶለሳ አንድ ቅል እርጎ ይዘው ገቡ። የዓርቡ ወተት ነው።

«ወዴት ነው?»

«እናቴ ዘንድ። ሥራ የለኝም እኮ።»

«ቅዳሜ ዳኛው ፊት እስከ ሰኔ ዋስህ ሆኛለሁ። ብትጠፋ የኔ በሬ ነው የሚወሰደው። ማረስ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ትለምዳለህ። ተማሪ አይደለህ?» ብለው ቁጭ አሉ፤ የሚሄዱም አይመስሉም።

ሐሙስ ዕለት ዋስ ያጣሁበት አገር ዛሬ አትሄድም አለኝ። እርጎውን አብረን ጠጣን፣ ሻንጣዬንም ፈታሁ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምጽፍላት ግን ገና አላወቅሁም።