ሰሞነኛው ቄስና የእናቴ ክንድ

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ ዛሬ። ቄስ አስማረ በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን መነጨቁኝ።

የኮሮና ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበቅሎ አምጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋሁ። በዚህ በጉና ሥር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ሕፃን ስከትብ እምቢ ያለኝ የለም። የትልቅ ሰው ክንድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዉ መጥቶ ከበበኝ፤ ክንዱን የሚሰጥ ግን የለም። ቄስ አስማረ ከቅጥሩ በር ላይ ብቅ ሲሉ እሰይ አልኩ። "ይባርኩን አባ፣ አንቱ ይጀምሩልን" ብዬ ክንዳቸውን ያዝ አደረግሁ። "ኧረ አይሆንም! አይሆንም!" ብለው ተመልሰው ገቡ።

ጎረቤታችን አያ ደሴ ይህን ነበር የሚጠብቀው። "አላልኳችሁም? ቄሱ እንኳ ሸሹ!" ሰዉ ተበተነ። ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ በቀኑ ማለቅ አለበት፤ ደግነቱ ገና አልከፈትኩም ነበር።

የሌላው ይቅር፣ እናቴ ናት ያሳሰበችኝ። አስም አለባት። ብርድ ሲመጣ ደረቷ ሲያፏጭ ከደጅ ይሰማል። ይህ በሽታ ከያዛት እንደማትችለው አውቃለሁ። ቄስ አስማረ ደግሞ የንስሐ አባቷ ናቸው። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። "የንስሐ አባቴ ያልተወጉትን እኔ ልወጋ? እንዴት ተደርጎ!" አለችኝ።

ሐሙስ

ዛሬ የሰማሁት፦ መካን ያደርጋል። የአውሬው ምልክት ነው። የተወጋ ክንድ ላይ ማንኪያ ይለጠፋል።

የመጨረሻውንስ ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ደብረ ታቦር ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ተከትቤአለሁ። አያ ደሴ ደጅ ማንኪያ አስመጥቼ ክንዴ ላይ አስቀመጥኩት። ወደቀ። ደግሜ አስቀመጥኩት፤ ወደቀ። ሚስቱ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እሱ ግን ይረታል? "ማንኪያው ነው ችግሩ" አለ።

እናቴን ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ስትጠጣ አገኘኋት። "ይኸውልሽ መድኃኒቴ።" ተኮራረፍን። ማታ ቅቅል ድንች በዳጣ ቀረበ፤ ኩርፊያውም እዚያው ቀለጠ። ግን ክንዷን አልሰጠችኝም።

ዓርብ

ተናድጄ ሄድኩ። ቄሱ ከቅጥሩ ውስጥ ካህናቱ ከሚያርፉባት ቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መስቀል ተሳልሜ ሳልጨርስ አፈነዳሁት። "አባ፣ ምን በደልኩ? አንቱ ቢሸሹ ሌላው ምን ይበለኝ? እናቴ ብትሞትብኝስ?"

ትክ ብለው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሰሞነኛ ነኝ እኮ!"

ሰሞነኛ! ተራ የደረሰው ካህን ሳምንቱን ሙሉ ከቅጥር ሳይወጣ ይቀድሳል። ደሙ ከፈሰሰ መቅደስ አይገባም። ይህን የማያውቅ ማን አለ?

"ተራው የቄስ ታረቀኝ አልነበረም ወይ?"

"እግራቸውን ቢያማቸው እኔ ተቀበልኳቸው። ጠብታም ብትሆን ደም ደም ናት።"

"ታዲያ ምናለ ቢነግሩኝ!"

"መች አስተነፈስሽኝ? እንደሚታረድ በግ ጥምድ አድርገሽ ያዝሽኝ እንጂ!" ብለው ሳቁ። እኔም በራሴ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። መድኃኒቱንማ አይጠሉም። "ሐኪሙንም የሰጠን እሱ ነው" አሉኝ።

"እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁንልን?"

"ቆርቤ ደም ላፈስ? ሰኞ ነው።"

ሰኞ! ክትባቱ ደግሞ ነገ ተመልሶ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ

ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ላይ ነው። በዚያ ንፋስ ነጠላዬን ተከናንቤ ለወረዳው አለቃዬ ደወልኩ። "ሰው እምቢ ካለ ምን ታደርጊያለሽ? ለሚፈልግ ይሂድ" አለኝ። ስለ ሰሞነኛ ባስረዳው መስመሩ ይቆረጣል፤ እደውላለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በመጨረሻ "ይሁን፣ ሰኞን ሞክሪ፤ ከዚያ ወዲያ የለም" አለ። ብቻዬን እልል አልኩ። ክትባቱ እስከዚያ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ይቆያል።

ቄሱ ሰኞ እንደሚወጉ ለእናቴ ነገርኳት። "ሲወጉ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አለች። እሺ፣ ታያለሽ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አስማረ አውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። "ቄሱ ሸሸ ያላችሁ፣ ሰሞነኛ ነበርኩ። ነገ ክንዴን እሰጣለሁ። ጠበሉንም እንጠጣለን፣ መድኃኒቱንም እንወስዳለን፤ ሁለቱም የአንድ ጌታ ናቸው" አሉ። አያ ደሴ ጫማውን ያያል።

እናቴ ቤት ገብታ እጅጌው ሰፊ የሆነውን ቀሚሷን አወጣች። ክንድ ለመስጠት የሚመች! አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ አንድ ቃል ብናገር መልሳ ታስገባዋለች።

ሰኞ

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ቄስ አስማረ ቀድመው ደርሰው ቁጭ ብለዋል። ወጋኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጠብቁ ቆዩና "መቼ ነው የምትጀምሪው?" አሉ። "አለቀ እኮ አባ!" ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላማ መሰለፍ ሆነ። ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ ከፈትኩ።

እናቴ ግን ሰልፉ ውስጥ የለችም። ቀና ባልኩ ቁጥር ከጽዱ ወዲያ ቆማ አያታለሁ፤ ቄሱን ትመለከታለች፣ እኔን ትመለከታለች። ሰዉ ተከትቦ ሲያልቅ መጥታ ቁጭ አለች። ክንዷን በጥጥ ደጋግሜ ጠረግሁ። ስንቱን ስወጋ ውዬ! "አይዞሽ፣ ውጊኝ" አለችኝ፣ ራሷ እኔን።

ማታ ትንሽ አተኮሳት። እንደሚኖር ባውቅም ፈራሁ። ውሃ ሳጠጣት ድንገት እንዲህ አለች፦ "እኔ መርፌው አልነበረም ያስፈራኝ። ቀኔ ደርሶ ብሞት፣ እናቷን በመርፌ ገደለች ይሉሻል። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ማን ያኖርሻል? ቄሱ ከተወጉ ግን አንቺን የሚናገርሽ አይኖርም ብዬ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ግትር ነሽ ስላት ለካ ለኔ ብላ ኖሯል። እንባዬ መጣ። ክንዷን እቅፍ አደረግሁት።

"ያኛውን ያዢ" አለችኝ፤ "ይኼኛው ያመኛል።"