ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ድንጋይ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ እንዴት ነች? የትንሿ ልጅህ እግር ዳነላት? ጎረቤታችን አናጢውስ ሳሉ ለቀቀው? የእማዬን ጤና ግን አልጠይቅህም፤ አንተው ጽፈህልኛል። እኔ፣ ጤና ከተባለ፣ ጤነኛ ነኝ።

ደብዳቤህን የከፈትኩት ሥራ ላይ፣ ለወርቅ ፍለጋ ከመሬት ተሰርስሮ የሚወጣውን ድንጋይ እያጠብኩ በሳጥን ስደረድር ነው። «ጉድጓዱ ወርቅ ባይሰጠንም ውሃ ሰጠን፤ ኩልል ያለ ነው፣ እማዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንዝ አልወረደችም» ትላለህ። ጎሽ ልልህ ነበር። ቀጥለህ «ድንጋዩ በመዶሻ ሲመታ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ወጥ ሳንሠራ ጠገብን» እያልክ ትቀልዳለህ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «እማዬ መዳፏ ደርቆ ጠነከረ፣ ደረቷ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ወጣባት፤ እርጅና ነው መሰለኝ»። ሥራዬን ጥዬ ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ።

እርጅና አይደለም፣ ወንድሜ።

እዚህ «ድንጋይ ላሹ» የምንለው ጂኦሎጂስት አለ። ሲረጥብ መልኩ ይታየኛል እያለ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ይልሳል። አንድ ቀን ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሰበርኩና ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሊልሰው ነው ስል እጁን ሊታጠብ ሄደ! ምነው ስለው አስረዳኝ። ዝናብ በስንጥቅ ወርዶ ወርዶ ጥልቁ ውስጥ ይግላል፤ ከላይ ያለው ጫና ግን አያፈላውም። ጨውና ድኝ ይዞ በድንጋዩ ውስጥ ሲዞር፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ወርቁን ያሟሟዋል። ከዚያ ስንጥቅ አግኝቶ ሽቅብ ይመጣል፤ ጫናው ሲቀልለት ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውንም እዚያው ይጥላል። የወርቅ ምልክት የሚባለው ነጩ ድንጋይም እንዲሁ የተጣለ ነው። ታዲያ የሚሸከመው ወርቅ ብቻ መሰለህ? መዳቡንም፣ እርሳሱንም፣ አርሴኒክ የሚባለውን መርዝም አብሮ ያመጣል። ሽታው የእሱ ነው። የጉድጓዳችሁ ውሃ ዛሬ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ያን ድንጋይ እያጠበ መርዙን ይወስዳል። ውሃው ውስጥ ሲገባ ደግሞ አይሸትም፣ አይመርም፤ ለዓመታት ሲጠጣ ግን መዳፍ ያደርቃል፣ ቆዳ ያጠቁራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ጥራቱ ነው ያታለለን።

«ነጭ ድንጋይ የወርቅ መንገድ ነው» ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሳይሞላኝ፣ ሁሉን ያወቅኩ መስሎኝ! ብዙው ነጭ ድንጋይ ባዶ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። አንተም ከደጃችን ያለውን ተከትለህ ቆፈርክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምነው ምላሴ በተቆረጠ! አንተስ ብትሆን? ወርቅ ሳላገኝ ምን ብዬ እጽፋለሁ ብለህ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጉድጓዱ ትንፍሽ አላልክም። ኩራት እራቱ! አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ ያኔውኑ አስቆምህ ነበር።

ስልክ እናንተ ጋ ስለማይደርስ ይህን በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። ሳትውል ሳታድር የጉድጓዱን አፍ ድፈን። አፍልተን እንጠጣዋለን እንዳትል፤ ውሃው ይተናል እንጂ መርዙ እዚያው ይቀራል። እማዬን ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ከውሃው በጠርሙስ ይዘህ ሂድና አርሴኒክ ነው በላቸው። ድንጋይ ላሹ ውሃውን መጠጣት ካቆመች ሊሻላት ይችላል ብሎኛል፤ ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን አላውቅም።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ወንዝ መውረዱ እንደገና በእሷ ላይ ሊወድቅ ነውና ይቅር ትበለኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፣ መዳፏንም ገልብጠህ እይልኝ። አናጢውም ከዚያ የሚቀዳ ከሆነ ዛሬውኑ ንገረው።

እማዬ ኩባያ ባነሳች ቁጥር «ውሃ ከደጄ ያፈለቀችልኝ ልጄ ናት» እያለች ትመርቀኛለች ብለሃል። ዛሬ ጠዋትም ጠጥታ መርቃኛለች ማለት ነው። ምርቃቱ ይቅርብኝ፤ ኩባያውን ከእጇ ውሰድልኝ።

እህትህ
ከድንጋይ ማጠቢያው መጋዘን
ጥቅምት 9 ቀን