ያልተጠራው ስክሪን

ጥቅምት 8 ቀን 2004

ገበያ ወጥቼ ሽንብራና ጨው ገዛሁ። ቤት ጠረግሁ። ልጄ ሙጀሂድ ከሞተ ወዲህ ክፍሉን ከፍቼ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ዛሬ ገባሁ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደከደነው አለ፣ ሶኬቱም እንደተሰካ። ጎኑ ላይ ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች... ትጠፋለች... ደግሞ ብልጭ። የተሳፈረበት የወረኢሉ መኪና በተገለበጠበት ዕለት ጠዋት ከድኖት ነው የወጣው። ልንቀለው? ትቼው ወጣሁ።

ጥቅምት 10

ሳዲያ መጣች። ማሰልጠኛው ውስጥ ከሙጀሂድ ጋር ኮምፒውተር የምታስተምረው ልጅ። ስለ ብልጭታዋ ነገርኳት። ብድግ አለች።

"እማማ፣ ነቀሉት?"

"አልነካሁትም።"

"አልሐምዱሊላህ። ተኝቷል ማለት ነው።"

ተኝቷል ስትለኝ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ተመለሰ...

አስቀምጣ አስረዳችኝ። ላፕቶፕ ሲከደን አይጠፋም፣ ይተኛል። ዕቃው ሁሉ ጋደም ይላል፤ ሚሞሪ የሚሏት ክፍል ብቻ በትንሽ ኃይል ትቆያለች። የተጀመረው ሥራ እሷ ጋ ነው ያለው። ሙጀሂድ ለአዲሶቹ ሰልጣኞች ትምህርት እያዘጋጀ ነበር፣ ስለ ኮምፒውተር እንቅልፍ፣ በአማርኛ። ሳያስቀምጠው ወጣ። ኃይል ከተቋረጠ ጽሑፉ የለም።

"እንግዲያው ክፈቺዋ።"

ከፈተችው። ጥቁር። ነካካችው። ጥቁር። መልሳ ከደነችው።

የልጄ የመጨረሻ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው።

ጥቅምት 13

መብራት ጠፋ። ባትሪው ደካማ ነው ብላኛለች ሳዲያ። ይዤው ወደ ጎረቤቴ ወደ በዛች ቁርስ ቤት ሮጥኩ። ጀነሬተር አላት። "የሙጀሂድ ነው፣ እንዳይጠፋ" ከማለቴ የማስነሻ ገመዱን ሳበችው። ደንበኞቿ አጉረመረሙ፤ በጠራራ ፀሐይ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው?

"በሽተኛ አስተኝቻለሁ፣ ዝም ብላችሁ ፉላችሁን ብሉ" አለቻቸው።

የሳቅሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 14

መብራት መጣ። ብልጭ ትላለች።

ጥቅምት 17

ሳዲያ በፍቃዱን ይዛ መጣች። የሬዲዮና የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አገላብጦ አየው።

"እማማ፣ ባትሪውን አውጥተን እናሳርፈው። ከዚያ እንደ አዲስ ይነሳል።"

እናሳርፈው... ስለ ሙጀሂድ ሊነግሩኝ የመጡትም "አረፈ" ነው ያሉኝ።

"አታሳርፉትም" አልኩ።

"ማጥፋት ማለቴ ነው።"

"እሱም ያው ነው።"

በፍቃዱ አልተቆጣም፣ አልዋሸኝምም። "ላፕቶፑ ይድናል፣ ጽሑፉ ግን አይድንም" አለ። ላፕቶፑንማ ለሙጀሂድ እህቱ ዙሀራ ናት ከጅዳ የላከችለት። ሌላ ይገኛል። ጽሑፉ ከየት ይገኛል?

ጥቅምት 20

ሳዲያ ደግሞ ከፍታ ስትነካካ ቆየችና ጠራችኝ።

"እማማ፣ ይህቺን ይመልከቱ።"

አንዱን ቁልፍ ስትጫን ትንሽ መብራት ትበራለች። ስትደግመው ትጠፋለች።

"ላፕቶፑ ይሰማኛል። ነቅቷል። ያልነቃው ስክሪኑ ብቻ ነው።"

ግራ ገባኝ። አንድ ነገር ግማሹ ነቅቶ ግማሹ ይተኛል? ይተኛል አለች። ስክሪኑም፣ ዲስኩም፣ ድምፁም የየራሳቸው እንቅልፍ አላቸው። ዊንዶውስ "ንቁ" ሲል ራሱ እየዞረ አይቀሰቅስም። ከሥሩ ባዮስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ እሷ ናት ቃሉን ለአንዳንዶቹ የምታደርሰው።

"የቅሬ ጠሪ ናት በይኛ" አልኳት።

"እንዴት?"

"ሰው ሲሞት የዕድሩ ጠሪ ቤት ለቤት ይዞር የለ? አንዱን ቤት ዘሎ ካለፈ ያ ሰው ከቀብር ይቀራል። ጠልቶ አይደለም። አልሰማም።"

ሳቀች። "በቃ፣ ስክሪኑ ያልተጠራ ቤት ነው።" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ሌላ ስክሪን ብንሰካበትስ? አዲስ ቤት ስታይ እንደገና ትዞር ይሆናል።"

ትልቅ ስክሪን ማሰልጠኛው አለ። ግን እዚያ ድረስ ባትሪው ይችላል?

ጥቅምት 21

ተከድኖ እንደተኛ ጋቢ ውስጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሳዲያ ከፊት፣ በዛች ከኋላ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ እንዳልደናቀፍ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። አንድ የጋሪ ነጂ ቀረብ ብሎ "ሕፃኑ የማን ነው?" አለ።

"ድምፅህን ቀንስ፣ ተኝቷል" አለችው በዛች።

ደረስን። ብልጭታዋ አለች። ሰኩት። ሳዲያ "ቢስሚላህ" ብላ ከፈተችው። ጥቁር... ጥቁር... ከዚያ ትልቁ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ወጣ። ጽሑፍ ሞልቶበታል። ላነብ ስጠጋ ሳዲያ በእጇ ከለከለችኝ።

"ይቆዩ፣ መጀመሪያ ላስቀምጠው።"

ሁለት ቁልፍ ተጫነች። "ተቀመጠ" አለች። እኔም ቁጭ አልኩ።

ጥቅምት 22

ሳዲያ በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። ብዙው አልገባኝም። ይህ ገባኝ፦

"ኮምፒውተር ሲተኛ የሚቀሰቅሰውን እንድትሰማ አንዲት ክፍሉን ነቅታ እንድትቆይ ይተዋታል። እናቴም እንዲሁ ናት። ስትተኛ ጆሮዋ አይተኛም። ዝናብ ቢጥል አትነቃም፣ ውሻ ቢጮህ አትነቃም። እኔ በሩን ስነካ ትነቃለች። ስትነቃም መጀመሪያ..."

እዚህ ላይ ቆሟል።

የውሻውን ነገር ውሸቱን ነው። እነቃለሁ።

ጆሮዬ ዛሬም አይተኛም። በሩ እንደሆነ... ማን ሊነካው?

ጥቅምት 26

አረፋ። ያለ እሱ። ዙሀራ ደወለች። በዛች ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ሥጋችንን አትበላም፤ ወሬያችንን ግን አልተወችልንም። ደግ አደረገች።

ጥቅምት 29

በፍቃዱንና ሳዲያን አስጠራሁና "አሁን አሳርፉት" አልኳቸው። ራሴ ነኝ ያልኩት። ባትሪውን አወጡ። ብልጭታዋ ቆመች። አየኋት፣ ቻልኩት። ትንሽ ቆይተው መልሰው ሲያስነሱት ስክሪኑም በራ። ጠሪዋ ስክሪኑን ዳግም እንዳትዘል በፍቃዱ ደሴ ሲሄድ አዲስ ባዮስ በፍላሽ አመጣለሁ ብሏል።

ኅዳር 12

አምጥቶ ጫነበት። ከደኑት፣ ተኛ። ከፈቱት፣ ስክሪኑ ነቃ። ሳዲያ ደጋግማ ትከድናለች፣ ትከፍታለች... እንደ ልጅ።

ሰልጣኞቹ ሰኞ ይጀምራሉ። "ያልጨረሰውን እርስዎ ይጨርሱልኝ" አለችኝ።

"እኔ የኮምፒውተር ምን አውቃለሁ?"

"እዚያ ላይ የተጻፈው የኮምፒውተር አይደለም። የእርስዎ ነው።"

ኅዳር 18

ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሳዲያ የልጄን ትምህርት ማንበብ ጀመረች። "ስትነቃም መጀመሪያ..." ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ዞሩ።

"መጀመሪያ 'መጣህ?' እላለሁ" አልኩ። "'አዎ' ካለኝ እራቱ የት እንዳለ እነግረዋለሁ። ከአልጋዬ አልነሳም።"

ሳዲያ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ማን እንደቀሰቀሰው ይጠይቃል። የሚያስፈልገውን ብቻ ያስነሳል።

አንዲት ሰልጣኝ እጇን አወጣች። "ከዚያስ፣ እማማ?"

"ከዚያማ ተመልሼ እተኛለሁ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳዲያ ያንንም ጻፈችው፣ እነሱም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

እሱ ከሞተ ወዲህ አንዴ ከነቃሁ ተመልሼ ተኝቼ አላውቅም። ልጆቹ ግን ጽፈውታል... እንዳላሳስታቸው ዛሬ ልሞክር።